በዝናብ ያሸነፍን ቀን

ሰኔ ሲገባ በደቡብ ወሎ የመካነ ሰላም ከተማ ሜዳ ለኳስ የሚሆን አይደለም። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲወርዱበት ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ መስረጊያ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ሲራመዱበት ጫማ ያስቀራል፣ ሲሮጡበት ያንሸራትታል። ለገበሬው የበረከት አፈር ነው፤ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ ጓያውም ይወደዋል። ለኳስ ተጫዋች ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ፈተና ነው። እንዲያም ሆኖ በእኛ አገር ልጅ ኳስ የሚጠግበው በክረምት ነው፤ ትምህርት የሚዘጋው ያኔ ነዋ።

ከእነዚያ ክረምቶች ሁሉ አንድ ቀን ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። እሁድ፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ አሸነፍን፤ ጠዋት የሰፈራችን ቡድን እዚያው ዋልካው ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ። ስለ ሁለቱ ድሎች ሳስብ ቀድሞ የሚታወሰኝ ግን ግቡ አይደለም። ማታ በአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ፣ ልብሱ ያልደረቀለት ሕዝብ ቁጭ ብሎ ድሉን እንደ እህል ሲያበጥረው ማምሸቱ ነው።

የዚያን ዓመት የኳስ ፍቅር በቦታው ላልነበረ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን አንሥታለች። እኛ ይህን የሰማነው ከአባቶቻችን ነው፤ ያየነው ነገር ግን መቅረት ብቻ ነበር። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ 31 ዓመት ሙሉ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለስንም። ከዚያ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. መጣ። ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው የተመለሱት የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳቸው ውጭ ባገቡት ብልጫ አለፉ። ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጡ፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከምድባቸው አላለፉም። ግን ሰንደቅ ዓላማችንን እዚያ መሃል አየነው፤ ለእኛ ዕድሜ ልጆች ይህ አዲስ ነገር ነበር።

በዚያው ዓመት የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ይካሄድ ነበር። ምድባችን ውስጥ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነበሩ። ሰኔ 9 ሲደርስ እኛ 10 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ይዘናል። በዚያ ቀን ካሸነፍን አንድ ጨዋታ እየቀረ ምድቡ የእኛ ይሆናል። ይህን ሒሳብ በመካነ ሰላም የማያውቅ ሊስትሮ፣ የማያውቅ ባለሱቅ አልነበረም።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ትንሽ ጋብ አለና የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ሜዳው ላይ ተገናኙ። እኔ የላይ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ያኔ የመሰናዶ ተማሪ ነበርኩ፣ ዳር ቆመው ከሚጮኹት ወገን። ግቡ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ቅዳሜ በአመድ የተሰመረው መስመር ሌሊት ታጥቦ ሄዷል፤ ስለዚህ «ወጥታለች»፣ «አልወጣችም» የሚለው ክርክር በየደቂቃው ነው። ዳኛው የስፖርት መምህር ነበር፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ያጫውታል። ከቅዳሴ የሚመለሱ አባቶች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እረኞች ማዳበሪያ ከረጢት ደፍተው ዳር ዳሩን ከበውታል።

ጭቃ ላይ ኳስ ሌላ ጨዋታ ነው። አጭር ቅብብል ይሞታል፤ ኳሷ ግማሽ መንገድ ሄዳ ትቆማለች። አብዶ የሚሠራ ልጅ የቆመበት እግሩ ይከዳዋል። ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ በግንባር መምታት ያማል፤ ከሩቅ የተመታችውም ከታሰበላት ቦታ ቀድማ ትወድቃለች። ሰፈራችን የሚኮራበት ቀጭን አማካይ በዚያ ጠዋት ኳስ በነካ ቁጥር ተንሸራቶ ሲወድቅ፣ በበጋ «ቀርፋፋ» እየተባለ የሚሰደበው ወፍራም ተከላካያችን የሜዳው ጌታ ሆነ። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ፊት መምታት። ጭቃ ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ግቧ የመጣችው ከእሱ እግር ነው። ከራሳችን ሜዳ አንሥቶ መታት፤ ኳሷ ሩቅ ሄዳ በታች ሰፈሮች ግብ ፊት ለፊት ወረደች። በረኛቸው ነጥራ ወደ እጁ እንደምትመጣ እርግጠኛ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። አልነጠረችም። ከእሱ አምስት ስድስት እርምጃ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ጧ ብላ ወድቃ ቀረች። በረኛው ጎንበስ እንዳለ፣ እሷም እንደቆመች፣ የእኛ አጥቂ ሩጫውን ሳያቋርጥ ደርሶ ከነውሃው ወደ መረቡ ሰደዳት። መረብ እንኳን አልነበረም፤ ከግቡ ኋላ ያለው አጥር ላይ ሄዳ ተጣበቀች። 1 ለ 0። በዚያው አለቀ።

ታች ሰፈሮች ሲወጡ «ውሃው ነው ያገባው» እያሉ ነበር። አጥቂያችን ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። ሸሚዙን እየጨመቀ፣ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ እየረገጠ እንደዞረው፣ የትኛው ጉድጓድ ኳስ እንደሚያስቀርና የትኛው እንደማያስቀር ለይቶ እንደነበር ነገረን። ተከላካያችንንም «ስትመታ ወደዚያ ምታልኝ» ብሎት ነበር። ይህን ስሰማ የተሰማኝን አልረሳውም። ዳር ሆነን ዕድል ነው ብለን የጨፈርንበት ነገር ሥራ ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ተመለሰ። ቴሌቪዥን ያለባት ሻይ ቤት ከአፍ እስከ ገደፏ ሞላች። አግዳሚው ላይ ሽማግሌዎች፣ መሬቱ ላይ እኛ፣ በር ላይ ደግሞ ግማሽ ጀርባው የሚዘንብበት ሰው። የእርጥብ ዝተት ሽታ፣ የከሰል ጭስ፣ የበሶብላ ሻይ። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ሻይ ያላዘዘ አይቀመጥም የሚል ሕግ ነበራት፤ በዚያ ቀን ግን ሕጉን ራሷ ተወችው፤ እጇን ማንቀሳቀሻ እንኳን ቦታ አልነበራትምና።

የቆርቆሮ ቤትና የሰኔ ዝናብ አንድ ላይ ሲሆኑ የጋዜጠኛው ድምፅ አይሰማም። ምስሉን ብቻ እያየን እንገምታለን። በርናርድ ፓርከር ለደቡብ አፍሪካ አስቀድሞ አገባ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። እረፍት ሊወጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፤ እኔ ማን ላይ እንደወደቅኩ አላውቅም። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ።

በመካነ ሰላም በክረምት መብራት ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም፤ በዚያ ሰዓት ሲጠፋ ግን የወጣው እሪታ እስከ ገበያው ሳይሰማ አይቀርም። ከጎረቤት ልብስ ሰፊው ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮውን ይዞ መጣ። ቆርቆሮው ስላላሰማን ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሰማውን እየጮኸ ያቀብለናል። «ሽመልስ ይዟል! ለሳላዲን ሰጠ! ወጣች!» በጨለማው ውስጥ ሁሉም ፊቱን ወደ እሱ አዙሯል። ከዚያ ድንገት ተነሥቶ «አገባ!» አለ።

«ማን?»

«ፓርከር!»

ያቺን ቅጽበት አልረሳትም። ፓርከር የእነሱ ሰው ነው፣ ቀድሞም ያገባብን እሱ ነው። ሁላችንም ሁለተኛው የገባብን መሰለን። አንድ ሽማግሌ «በቃ» ብለው ጋቢያቸውን ሊሰበስቡ ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ግን እየዘለለ ነው። «በራሱ ላይ! በራሱ ላይ አገባ!» ቤቱ ተነሣ። ስኒ ተሰበረ፣ አግዳሚ ተገለበጠ፤ እትዬ እልል አለች። 70ኛው ደቂቃ አካባቢ ነበር፤ የቀረውን ጊዜ ማንም አልተቀመጠም። 2 ለ 1 አለቀ። ምድቡን ጨረስነው፤ 13 ነጥብ።

ወጥቶ መጨፈር ነበር የሚገባው። ጥቂቶች ወጥተው በዝናብ ውስጥ ጨፍረዋልም። ግን ሰማዩ እንዲያው ወረደ፤ ጎርፉ የሻይ ቤቷን ደጃፍ ይዞት ሄደ። መውጫ የለም። እትዬ ኩራዝ ለኮሰች፣ ቡና አቀረበች፣ ሰዉም ዙሪያውን ተቀመጠና ወሬው ተጀመረ።

መጀመሪያ የተናገረው የደሴ መስመር ሹፌር ነበር። «አሸነፍን አትበሉ» አለ። «እነሱ ናቸው ራሳቸውን ያሸነፉት። የእኛ ግብ አንድ ናት።» ቤቱ ሊበላው ደረሰ። ልብስ ሰፊው፣ ኳሷ ማንም ያግባት ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው ብሎ ሞገተ። አንድ የእህል ነጋዴ «አልሐምዱሊላህ በሉና ቡናችሁን ጠጡ፤ አላህ የሰጠንን ምን ትመረምራላችሁ?» አሉ። ሁሉም ስላላየው ግብ እየተከራከረ መሆኑን የተገነዘበ አልነበረም። ያየነው ሁለት ግብ ነው፤ ሦስተኛዋን ከአንድ ሰው ጆሮ ነው የተቀበልናት።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩን፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ቀስ ብለው «የገባችው በማን እግር ነው አትበሉ» አሉ። «ኳሷ እዚያ ድረስ እንዴት መጣች? ፓርከር አጥቂ ነው። አጥቂ በ70ኛው ደቂቃ በራሱ ግብ አፍ ላይ ምን ይሠራል? ማነው እዚያ ድረስ የገፋው? ይህን ንገሩኝ፤ ያን ጊዜ ማን እንዳገባ እንነጋገራለን።» ከዚያ ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ዞረው ስለ ጠዋቱ ጨዋታ ጠየቁን። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ አጥቂው ነገርናቸው። «አያችሁ?» አሉ፤ «እናንተም ውሃው አገባ ስትባሉ ዋላችሁ።»

ጋሼ የዓለም ኳስ ታሪክ ያነባሉ። በዚያ ማታ የተረኩልን የ1946ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር፤ ሰኔ 27 ቀን፣ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ። ሃንጋሪ ለአራት ዓመት ያልተሸነፈ ቡድን ነው፤ በዚያው ውድድር ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3 አሸንፎታል። በፍጻሜው ዕለት ዘነበ። ሃንጋሪ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አገባ፤ ጀርመኖቹ ሦስት መልሰው ዋንጫውን ወሰዱ። ጫማቸውን የሚሠራላቸው አዶልፍ ዳስለር፣ አዲዳስን ያቆመው ሰው፣ ከጫማው ሥር የሚፈታና የሚታሰር ችካል አዘጋጅቶ ነበር፤ ሜዳው ሲረጥብ ረዘም ያለውን አሰረላቸው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ጀርመኖቹ ፍራንክፈርት ላይ ከፖላንድ ጋር ሲገናኙ ደግሞ ሜዳው በውሃ ተጥለቀለቀና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በፓምፕ እየመጠጡ ጨዋታው ተካሄደ። ጌርድ ሙለር አንድ አገባ፤ 1 ለ 0። ያ የፖላንድ ቡድን ፈጣን ክንፍ አጥቂዎች ነበሩት፤ ሜዳው ደረቅ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ክርክር የፖላንድ ሰው እስከ ዛሬ አልተወውም።

ሹፌሩ በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «እኛ ምን ችካል አዘጋጀን ጋሼ?» አላቸው። ጋሼም ዝም ብለው ቆዩና «እሱን ነው እኔም የምጠይቀው» አሉ።

እትዬ በዚህ መሃል ሌላ ነገር ጣለች። «ያ ልጅ ዛሬ እንዴት ያድራል?» አለች። ስለ ፓርከር ነው። ለአገሩ አንድ አግብቶ፣ በአገሩ ላይም አንድ አግብቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው። ማንም መልስ አልሰጣትም፤ ነጋዴው ብቻ «አላህ ያጽናው» አሉ። ከዚያ ማታ ንግግር ሁሉ የእሷ ጥያቄ እኔ ዘንድ የበለጠውን ቦታ ይዟል። የጠላትን ቡድን ሰው በድል ማግስት ሳይሆን በድሉ ሰዓት፣ ቡና እየቀዱ ማሰብ ለሁሉም አይሰጥም።

ዝናቡ አባርቶ መበተን ስንጀምር ነው ስልኩ የመጣው። አንዱ ወጣት ከአዲስ አበባ ወንድሙ ደወለለት። ፊፋ ምርመራ ጀምሯል አለው። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር በዚያ ቀን መቀጣትና መቀመጥ ነበረበት። ደስታው የአንድ ምሽት ዕድሜ እንኳን አላገኘም። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ 13ቱ 10 ሆነ፤ ያለቀው ምድብ እንደገና ተከፈተ።

በማግስቱ ከተማው ውስጥ የልጁ ስም ሲብጠለጠል ዋለ። ጋሼ በገበያው መሃል ቆመው ከአንድ ደላላ ጋር ሲጣሉ አይቻለሁ። «ልጁ ምን አደረገ? ተሰለፍ ሲሉት ተሰለፈ። ካርድ መቁጠር የተጫዋች ሥራ ነው?» ይሉ ነበር። እኔም ዛሬ ድረስ ከእሳቸው ጋር ነኝ። አንድ ተጫዋች በሜዳ ላይ ለሚያደርገው ይጠየቃል፤ መዝገብ መያዝ የቢሮ ሥራ ነው።

ጋሼ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበራቸው። የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ ሁሉ ይጽፉበታል፤ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት፣ ያገባው ሰው፣ ደቂቃው። አስተማሪ ናቸውና መስመሩን በማስመሪያ ነው የሚያሰምሩት። በዚያ ሳምንት ሳያቸው በቀይ እስክሪብቶ አዲስ ዓምድ አሰምረው ከላዩ «ቢጫ» ብለው ጽፈውበታል። ወደ ኋላ ተመልሰው የሚሞሉት መረጃ ስላልነበራቸው ያለፉት ረድፎች ባዶ ናቸው። ከሰኔ 9 ጀምሮ ያለው ብቻ ተሞልቷል።

ብዙ ሰው ድል አይመረመርም ብሎ ያምናል፤ ያሸነፈን ቡድን መተቸት ምስጋና ቢስነት ይመስለዋል። እኔ ከዚያ ማታ ጀምሮ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ሽንፈትን ማንም ይመረምራል፤ የታመመ አካል ራሱ ያስጮሃል። ጉድለት የሚደበቀው በድል ውስጥ ነው። ቦትስዋናን ስናሸንፍ ሁላችንም ስንጨፍር ያቺ የካርድ ጉዳይ እዚያው ውስጥ ነበረች። ከሜዳ ተሸንፈን ወጥተን ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ያገላብጥ ነበር። ደጋፊ ድሉን ሲመረምር ቡድኑን ጠልቶ አይደለም፤ ነገም እንዲያሸንፍ ፈልጎ ነው። የደሴው ሹፌር በዚያ ማታ ሁሉም ሲጮህበት «የእኛ ግብ አንድ ናት» ያለው ከማናችንም ያነሰ ስለሚወድ አልነበረም። ከሁሉም መጨረሻ ባንዲራውን ከመኪናው መስታወት ያወረደው እሱ ነው፤ ያውም ዝናብና ፀሐይ በልቶት ቀለሙ ሲለቅ።

የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን በ13 ነጥብ ለሁለተኛ ጊዜ ጨረስነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ለመጨረሻው ዙር ማጣሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አገባልን፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት አገባብን፤ 2 ለ 1 ተሸነፍን። የሳላዲን ኳስ መስመሩን አልፋ ነበር የሚለውን ክርክር በሻይ ቤቷ ለወራት ሰምቻለሁ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ብራዚል ቀረች። ጋሼ በደብተራቸው ሁሉንም ጽፈውታል፤ ቢጫውንም ጭምር።

በዚያ የሰኔ ጠዋት ጭቃው ላይ ከተጫወቱት ልጆች አንዱ ዛሬ የሚኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ነው፤ ብዙ ሐበሻ ያለበት ሰፈር። እዚያ ያለው ዋናው ኳስ የእኛ ኳስ አይደለም። ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅም በእግርም ይሄዳል፣ በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል፤ በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሃል የገባ 6 ነጥብ፣ ከጎን ያለፈ 1 ነጥብ ነው። የሰፈሩ ቡድን ዌስተርን ቡልዶግስ ይባላል፤ መስከረም 21 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ62 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲወስድ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲተቃቀፍ አምሽቷል። የእነሱም ክረምት ሰኔ ነው። በስልክ ስንጫወት፣ ዝናብ ሲሆን ሞላላው ኳስ ከእጅ እንደሚያመልጥ፣ ነጥቡ እንደሚያንስ፣ ያኔ ቄንጠኛው ተጫዋች ሳይሆን አንሥቶ ወደ ፊት የሚመታው እንደሚፈለግ ይነግረኛል። ሰኞ ሥራ ቦታ ሲገቡ አዛውንቶቹ ደጋፊዎች ያሸነፉትን ጨዋታ ቅብብል በቅብብል እያነሡ ይጥሉታል አለኝ። «ልክ እንደ ጋሼ» አለ። ወፍራሙን ተከላካያችንንም አስታወሰና ድምፁ ተቀየረ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደገና በሰኔ፣ እንደገና በዝናብ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሰፈሬ ነበርኩ። የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ከረገጠ ገና ዓመት አልሞላም፤ ሰው ደስታ የሚባለውን ነገር ረስቶት ነበር። የተደሰትነውን ያህል አንድ ነገር አንገበገበኝ። ጨዋታው በወረቀት የሜዳችን ጨዋታ ነው፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ካፍ የሚጠይቀውን መስፈርት የሚያሟላ አንድ ስታዲየም በአገራችን ስላልነበረ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ማስተናገድ አልቻሉም። የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እንግዳዋን በሰው ቤት ተቀበለች። በዚያ ማታ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም፤ ጋሼ ቢኖሩ ያነሡት ነበር። ካረፉ ቆይተዋል።

ስለ ትልልቁ ስታዲየም የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ስለ መካነ ሰላም ሜዳ ግን እኛው መነጋገር እንችላለን። ዋልካ ላይ ውሃ እንዴት እንደሚወገድ የማያውቅ ገበሬ በቦረናም፣ በወግዲም፣ በለጋምቦም የለም። ማሳው ከተዘራ በኋላ ፈሰስ ያወጣል፤ ውሃው ሰብሉን ሳያንቀው በፈሰሱ በኩል ተንሸራቶ እንዲወጣ። አባቶቻችን ለስንዴ ያደረጉትን ለልጆች ሜዳ ያደረገ ሰው እስካሁን አላየሁም። ከመሃሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ደልዳላ ማድረግ፣ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር፣ ሁለት መስመር ፈሰስ ማውጣት፤ የሚፈልገው አካፋና ዶማ፣ ጥቂት ጥንድ በሬም ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደጃችን ላይ ነው፤ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ከዚያ ይገኛል። በአዲስ አበባም በሜልቦርንም ያላችሁ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች፣ ለዋንጫና ለማልያ ከምትልኩት ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ አድርጉት። ሥራው የሚሠራው ግንቦት ላይ ነው፤ ሰኔ ከገባ አፈሩ አይቆፈርም።